የፍሪጄ ተለዋጭ ፋን ሞተር ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ

በመጋቢት 2017 ከመርካቶ በ1,900 ብር የገዛሁት ፋን ሞተር፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው ቤታችን ባለ ሁለት በር ኖ ፍሮስት (አየር በፋን እያዞረ የሚያቀዘቅዝ) ፍሪጅ ውስጥ መሥራት ከጀመረ ዘጠኝ ወር ሞላው። በእነዚህ ወራት ፋሲካን፣ ሙሉ ክረምቱንና ቁጥራቸውን የማላስታውሳቸውን የመብራት መቋረጦች አሳልፏል። ስለ ማቀዝቀዝ አቅሙ ቅሬታ የለኝም፤ ስለ ድምፁ ግን አለኝ፤ ከቅሬታዬም ገሚሱ በራሴ ጥፋት የመጣ መሆኑን ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ብልሽቱ የጀመረው በየካቲት መጨረሻ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ስለ ነበር ለብዙ ቀናት ሳናስተውለው ቆየን፤ ሥጋና ወተት በሌለበት ጊዜ ፍሪጅ የሚከፈተው ለቲማቲምና ለተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነውና። መጀመሪያ ያሳበቀው የምስር ወጥ ነው፤ ማታ ያስገባነው ወጥ በማግሥቱ ጠዋት አረፋ ጀምሮ፣ ሆምጣጣ ሽታ ይዞ ተገኘ። የላይኛውን በር ስከፍት በረዶው እንደ ድንጋይ ነው፤ የታችኛው ክፍል ግን በሞቃት ቀን የጥላ ያህል ብቻ ይቀዘቅዛል። የኩሽና ቴርሞሜትር በውኃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ ታች ባሳድረው 13 ዲግሪ አሳየ፤ ምግብ በደኅና እንዲቀመጥ ግን ከ4 ዲግሪ ማለፍ አልነበረበትም።

የጠራሁት ጠጋኝ ፍሪጁን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረገ፣ ከኋላ ያለውን ኮምፕረሰር (ጋዙን የሚገፋውን ትልቁን ሞተር) በመዳፉ ዳሰሰና ሌላ ምንም ሳይከፍት «እህቴ፣ ጋዝ ጨርሷል፤ በ5,000 ብር እሞላልሻለሁ» አለኝ። ጋዝ ጨርሶ ቢሆን ኖሮ ላይኛው ክፍልም አብሮ መላላት፣ በረዶውም መቅለጥ በተገባው ነበር። ላይኛው ጠንክሮ ታችኛው ብቻ ሲሞቅ፣ ቅዝቃዜው ተሠርቶ ሳለ ወደ ታች የሚያደርሰው ነገር ጠፍቷል ማለት ነው። ኖ ፍሮስት በሚባሉት ፍሪጆች አብዛኞቹ ውስጥ ቅዝቃዜ የሚሠራው በአንድ ቦታ፣ ማለትም ከላይኛው ክፍል የጀርባ ሽፋን በስተኋላ በተደበቀው ኢቫፖሬተር ብቻ ሲሆን፣ አየሩን በዚያ ላይ አሳልፎ ከፊሉን ወደ ላይኛው ክፍል፣ ከፊሉንም በቀጭን መተላለፊያ ወደ ታች የሚገፋው ይህ ትንሽ ፋን ነው። ፋኑ ሲቆም ላይኛው ክፍል ለኢቫፖሬተሩ ጎረቤት በመሆኑ እንደ ምንም ይቀዘቅዛል፤ ታችኛው ግን ይረሳል። ጠጋኙን የመጓጓዣ ብቻ ከፍዬ ሸኘሁት።

ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ የሚማረው የወንድሜ ልጅ ቅዳሜ መጣ። መጀመሪያ የሠራውን ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። በር ሲከፈት ፋኑ እንዲቆም የተደረገባቸው ፍሪጆች በበሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ መጫኛ አላቸው፤ ኮምፕረሰሩ እየሠራ ሳለ በሩን ከፍቶ ያንን መጫኛ በጣት ሲጫኑት ፋኑ በሩ የተዘጋ መስሎት መዞርና ነፋስ መስጠት አለበት። የእኛው ዝም አለ። ከዚያም ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለን፣ በሩን ከፍተን አሳደርነው፤ ፎጣ ከሥር አንጥፈን፣ የሞቀ ውኃ በሳህን ከውስጥ አስቀምጠን በረዶው በራሱ ጊዜ እንዲለቅ ጠበቅን። በረዶ በቢላዋ መፈንቀል ልማድ የሆነበት ቤት ብዙ ነውና አንድ ነገር ልናገር። ከኢቫፖሬተሩ ቱቦ ውስጥ ያለው ጋዝ በብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች አር 600 ኤ የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፤ ቱቦውም አልሙኒየም በመሆኑ ለአንድ የቢላዋ ጫፍ አይመክትም። በ1,900 ብር የሚያልቀው ጥገና ያን ጊዜ ፍሪጁን እስከ መጣል ያደርሳል።

እሑድ ጠዋት በካቻቢቴ ሁለት ብሎን ፈትቶ ሽፋኑን ሲስበው፣ ከኋላው የቀረ የበረዶ ቅርፊት ተሰብሮ በመደርደሪያው ላይ ወደቀ። ፋኑ በመካከሉ ቆሟል፤ ነጭ ክንፉ በእርጥበት ቢጫ ሆኗል፤ በጣቴ ስገፋው ግማሽ ዙር ሄዶ፣ አሸዋ የገባበት ወፍጮ ይመስል ተንገራግሮ ቆመ። ልጁ በቴስተር ሲለካ የሽቦው ጥቅል አልተቃጠለም። የሞተው ዘንጉ የሚዞርበት የነሐስ ቀለበት ነው፤ በውስጡ የነበረው ዘይት በዓመታት ደርቆ ብረት ከብረት ጋር ተጣብቋል። አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጎ ይመልሰዋል። እኛም ሞክረን ነበር፤ አራት ቀን ሠርቶ እንደ ገና ቆመ።

መርካቶ ላይ መጀመሪያ የገጠመኝ ችግር የቋንቋ ነው። «የፍሪጅ ሞተር ፈልጌ ነበር» ስል የመጀመሪያው ባለ ሱቅ የነገረኝ ዋጋ ሊያስደነግጠኝ ምንም አልቀረውም፤ ለካስ በእኛ አገር የፍሪጅ ሞተር ሲባል ኮምፕረሰሩ ነው። «ፋን ሞተር» ብሎ መጠየቅ፣ ከተቻለም አሮጌውን ፈትቶ ከነክንፉ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። እኔ አሮጌውን በፌስታል ይዤ ስለ ነበር ሁለተኛው ሻጭ ከሣጥን አውጥቶ ተመሳሳዩን ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ባለው ሶኬት ሰካውና «ይኸው እህቴ፣ እንደ ሰዓት ነው» አለ። በእርግጥም ድምፅ የለውም፤ ከፍዬ ሄድኩ።

ቤት ገብቶ ሲገጠም ግን ሞተሩ ይዞራል፣ ታችኛው ክፍል አይቀዘቅዝም። ሰዓታት ካለፉ በኋላ የሶፍት ቁራጭ በአየር መውጫው ፊት ብንይዘው ወደ ውስጥ ተሳበ፤ አየሩ መውጣት ሲገባው ይገባ ነበር። ሞተሩ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚዞር ነበር። ይህ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። በእኛ ፍሪጅ ውስጥ ያለው በቀጥታ በ220 ቮልት የሚሠራ ቀላል ሞተር ሲሆን፣ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚወስኑት በብረቱ አንድ ጥግ ላይ የተጠመጠሙት የመዳብ ቀለበቶች ናቸው፤ ሁለቱን ሽቦዎች ማገላበጥ ምንም አይለውጥም። ሁለት ሞተሮች በቁመት፣ በብሎን ቀዳዳና በጽሑፍ አንድ ሆነው ዘንጋቸው የሚወጣው በተለያየ ጎን ከሆነ፣ ከክንፉ በኩል ሲታዩ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሞተሩ መዞሩን ማየት አይበቃም፤ አሮጌውን ክንፍ አስገጥሞ፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ በእጅ መዳፍ ማረጋገጥ ይገባል። ሻጩ ያለ ክርክር ለወጠልኝ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

በዚያው አጋጣሚ በ1,200 ብር ርካሽና በዝግታ የሚዞር ሌላ ሞተር አቅርቦልኝ ነበር። አልወሰድኩትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ከወደብ ከተማ አየር በአምስተኛ እጅ ወይም ከዚያ በላይ የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው ማለት ነው። ፍጥነቱን ደግሞ ራሴ ልቀንስበት አልፈለግሁም። በሶኬቱ ላይ ሦስት ወይም አራት ሽቦ ያለው ፋን ያለበት ፍሪጅ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ እሱ ከፍሪጁ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት እየተቀበለ የሚሠራ በመሆኑ የእኔን ዓይነት ሞተር ሊገጠምለት አይችልም።

ትክክለኛው ሞተር በገባ በማግሥቱ ታችኛው ክፍል ወደ 5 ዲግሪ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ 4 ዲግሪ ወረደ። ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ይሠራ የነበረው ኮምፕረሰር እየቆመ ማረፍ ጀመረ።

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ ነበር። ከጎረቤቶች ጋር ቅርጫ ገብተን የደረሰንን ሥጋ በፌስታል በፌስታል እያደረግሁ ላይኛውን ክፍል እስከ ጣሪያው ሞላሁት። ማታ ታችኛው 9 ዲግሪ ደረሰ፤ እኔም ሞተሩን ረገምኩ። በኋላ ስመለከት አንዱ ፌስታል በአየር መውጫው ላይ ተለጥፎ ቀዝቅዟል። ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ትቼ ብደረድረው በማግሥቱ ተስተካከለ። ሥጋውም ቢሆን ትኩስ እንደሆነ አንድ ላይ መግባት አልነበረበትም፤ ግን የፋሲካ ዕለት ይህን ለማሰብ ማን ጊዜ አለው።

ድምፁ ያስቸገረኝ ከሰኔ ጀምሮ ነው። ሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ ከኩሽናው ዝቅ ያለ፣ ያልተቋረጠ ዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ በኩል ሳይቀር ይመጣል። ዕቃው የሦስተኛ ደረጃ ነው ብዬ ይህን ግምገማ በቁጣ ልጽፍ ተነሥቼ ነበር። የወንድሜ ልጅ ሽፋኑን እንደ ገና ፈትቶ ሲያይ፣ ሞተሩ በቀጥታ በፕላስቲኩ ላይ በብሎን ተጠብቋል። በአሮጌው ሞተርና በፕላስቲኩ መካከል ሁለት ጥቁር የጎማ ቀለበቶች ነበሩ፤ አዲሱ የራሱ ጎማ አብሮት ሳይመጣ ቀርቶ፣ እኔም አሮጌዎቹን ከአሮጌው ሞተር ጋር በፌስታል አስሬ አስቀምጫቸው ነበር። ደግነቱ አልጣልኳቸውም። በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥበው ቦታቸው ሲመለሱ ድምፁ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የቀረው የሞተሩ የራሱ ድምፅ ነው። ከመጀመሪያው ሞተር ጋር ሲነጻጸር አሁንም ይጮኻል፤ ኩሽናው ከመኝታው ጋር በአንድ ክፍል ለሆነበት ስቱዲዮ ቤት አልመርጠውም።

በሐምሌና በነሐሴ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል፣ ክንፍ በረዶ ሲነካ የሚሰማው ዓይነት። ይህኛው ከሞተሩ ጋር አይገናኝም። የበሩ ጎማ ከታች በኩል ጥጉ ላይ ተጣጥፎ፣ የክረምቱ እርጥብ አየር እየገባ በፋኑ ዙሪያ በረዶ ይሠራ ነበር። የ10 ብር ኖት በበሩ መካከል አድርጎ ዘግቶ መሳብ ቀላል መፈተኛ ነው፤ ጎማው ደኅና ባለበት ቦታ ብሩ ተይዞ በጭንቅ ይወጣል፣ የእኛ ጥግ ላይ ግን ምንም ሳይዝ ወጣ። በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ደጋግሜ ይዤበት፣ እየጎተትሁ ቅርጹን መለስኩት፤ እስከ ዛሬ ይዟል።

መብራት በየጊዜው ሄዶ ሲመጣ ለኮምፕረሰሩ ስል የገዛሁት ስታብላይዘር ፋኑንም ይጠብቀዋል ብዬ አምናለሁ። የማልወድለት አንድ ነገር አለ። መብራት ለረዥም ሰዓት ሄዶ ሲመለስ፣ ሞተሩ ሲነሣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል እንደ አይጥ ያለቅሳል፤ ከዚያ ይረጋጋል። በጥቅምት ይህ አልነበረም፤ በኅዳር ሁለት ጊዜ፣ በዚህ ወር ደግሞ አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የነሐስ ቀለበቱ ዘይት መሳሳት ጀምሮ ከሆነ፣ የአሮጌውን ሰባት ዓመት አያገለግለኝም ማለት ነው። ሻጩ የሰጠኝ የቃል ዋስትና የሦስት ወር ብቻ ስለ ነበር ወደ እርሱ የምመለስበት መንገድ የለም። ባለፈው ሳምንት በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ መርካቶ ስሄድ ያንኑ ዓይነት ሁለተኛ ሞተር ገዛሁ፤ ዋጋው 2,300 ብር ገብቷል። ሱቁ ውስጥ ክንፍ አስገጥሜ ነፋሱን በመዳፌ አይቼ፣ ጎማዎቹም በሣጥኑ ውስጥ መኖራቸውን ቆጥሬ ነው ይዤው የመጣሁት፤ አሁን ከፍሪጁ በላይ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ተራውን ይጠብቃል።