ጉደር ወይስ ሪፍት ቫሊ፦ የደሴ ምሽት ቅምሻ

ቅዳሜ ማታ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ፣ ደሴ ቤታችን ሁለት ቀይ ወይን ጎን ለጎን ከፈትን፤ የአዋሽ ወይን ፋብሪካውን ጉደርና ካበርኔ ሶቪኞን ከተባለው የወይን ዝርያ የተሠራውን የዝዋዩን ሪፍት ቫሊ።

ጉደር ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፤ ምላስ ላይ አይከብድም፣ ኮምጠጥ ይላል። በበዓል የለመድኩት ጣዕም ስለሆነ ልቤ ያደላለታል። ከዶሮ ወጥ በርበሬ ጋር ግን እውነትም ይስማማል።

ካበርኔው ጠቆር ይላል። ከተዋጠ በኋላ ድድን የሚያደርቅ ነገር ይተዋል፤ ይህ ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚወጣው ታኒን ነው። መጀመሪያ ጠንክሮብን ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከፍቶ ሲቆይ ግን ለዘብ አለ፣ የበሰለ እንጆሪ የመሰለ ሽታም ወጣው። የበግ ጥብሱ ሲቀርብ ደግሞ ስቡ ያንን ማድረቁን አለሰለሰው፤ የምሽቱ ምርጥ ጉርሻና ጉንጭ ይህ ነበር። ለጥብስ ያለ ማመንታት ሪፍት ቫሊን እመርጣለሁ።

የደሴ ብርድ ለቀይ ወይን ይመቻል። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ የምትጠጡ ከሆነ ግን ጠርሙሱን አስቀድማችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩት፤ ሲሞቅ አልኮሉ ጎልቶ ጣዕሙን ይሸፍነዋል።

ለሐይቅ ዓሣ ሁለቱንም አልመክርም፤ እሱ ነጭ ወይን ይፈልጋል።