ሞተሩ ደህና ነው፣ ቫልቯን ቀይሩ፦ የኤሌክትሪክ የጡት ወተት ማለቢያ ከ7 ወር አገልግሎት በኋላ

ማለቢያው መሳብ ሲያቅተው መጀመሪያ የሚታማው ሞተሩ ነው። ድምፁ እንደ ወትሮው ይሰማል፣ መብራቱ ይበራል፣ ወተቱ ግን በ20 ደቂቃ የጠርሙሱን ታች እንኳ አይሸፍንም። ሻጭ ጋ ሲደወል የሚገኘው መልስ «እህቴ፣ ሞተሩ ደክሟል፣ አዲስ ውሰጂ» ነው። አልደከመም! የደከመችው ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ የሲሊኮን ቫልቭ ናት። ስንት እናት በዚህች ቁራጭ ምክንያት ደህና ማሽን ጥላ ወይም «ወተቴ ደረቀ» ብላ ወደ ዱቄት ወተት እንደዞረች ሳስብ ያንገበግበኛል።

ዕቃው በቻርጅ የሚሠራ፣ ባለ ሁለት ጠርሙስ ነው። ሞተሩ በቀጭኑ ቱቦ አየር ይስባል፤ ያ መሳብ ጡት ላይ የተገጠመውን ፈነል ይዞ ወተቱን ያወጣዋል። በመሳቡ ቅጽበት ከፈነሉ ሥር ያለችው የዳክዬ ምንቃር የመሰለች ቫልቭ ከንፈሯን ገጥማ መዝጋት አለባት። መሳቡ ሲለቅ ትከፈትና የተጠራቀመውን ወደ ጠርሙሱ ታወርዳለች። ከንፈሯ ከላላ ወይም ጫፏ ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ካወጣች አየር ከጠርሙሱ በኩል ይገባል። ያኔ ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን የሚጨርሰው ያንን አየር በመሳብ ነው።

ችግሩ እኛ ጋ ቶሎ የሚሰማበት ምክንያትም አለ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። የእንዲህ ያለ ትንሽ ፓምፕ የመሳብ ኃይል ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር አብሮ ስለሚወርድ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር እዚህ አትጠብቁ። በደህና ቫልቭ የቀረው ኃይል በደንብ ይበቃል። ቫልቯ ስትላላ ግን የሚባክን ትርፍ የለም። የመሳቢያውን ደረጃ ከፍ ከፍ ማድረግም መፍትሔ አይሆንም፤ የጡት ጫፍ ያቆስላል እንጂ ወተት አይጨምርም።

ጥፋተኛውን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ቱቦውን ከፈነሉ ነቅላችሁ ማሽኑን አስነሱና የቱቦውን ጫፍ በአውራ ጣት ዝጉት። ጣታችሁን ጨምድዶ ከያዘ ሞተሩም ቱቦውም ጤነኛ ናቸው። ቀጥሎ የግራዋን ቫልቭ ወደ ቀኝ፣ የቀኟን ወደ ግራ ቀይሩ። ድክመቱ ከቫልቯ ጋር አብሮ ከተሻገረ ነገሩ አለቀ። ድክመቱ በቦታው ከቀረ ግን፣ ወተት ወደ ቱቦው እንዳይገባ የሚከለክለውን ስስ የሲሊኮን ሽፋን እዩት፤ ጠርዙ ተጣጥፎ ወይም ውሃ አዝሎ ይሆናል። ቫልቯን በመስኮት ብርሃን ስታዩአት ከንፈሮቿ ሳትነኳቸው መግጠም አለባቸው። ብርሃን ካሳለፉ ጊዜዋ አልፏል።

ቢሮ ውስጥ በቀን 3 ጊዜና ከዚያ በላይ የምታልብ እናት ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ ቫልቭ መቀየር አለባት። በቀን አንድ ጊዜ ለምታልብ 3 ወር ገደማ ትቆያለች። ዕድሜዋን የሚያሳጥረው ብዙውን ጊዜ አስተጣጠቡ ነው። የጠርሙስ ብሩሽ፣ ስቴኪኒ ወይም ጥፍር ወደ ከንፈሯ አይገባም። ወተቱ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ ለዚህ ብቻ በተለየ ሳህን ውስጥ በሙቅ ውሃና በሳሙና በጣት አሹ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በአየር አድርቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ከጀሪካን የተቀዳ ውሃ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ስትቀቅሉ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ የድስቱ ውሃ ብዙ ይሁን፣ ፕላስቲኩ ታች ነክቶ ይቀልጣልና። እሳት ላይ ረስቶ ሌላ ሥራ መያዝ ሲሊኮኑን ያበላሸዋል። ቱቦው አይታጠብም፤ ጤዛ ከያዘ ከፈነሉ ነቅሎ ማሽኑን ለ2 ደቂቃ ባዶውን ማስኬድ ያደርቀዋል።

ይህን ሁሉ የማበዛው የጊዜው ስሌት ስለሚያስጨንቅ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ልጅ እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲያገኝ ይመከራል። መሀል የቀረውን 3 ወር የሚሸፍነው ይህ ማሽን ነው። ከኮዬ ፈጨ ወይም ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ ለምትመላለስ እናት ደግሞ ከቤት ወጥታ እስክትመለስ የታክሲው ሰልፍ ተጨምሮ ረጅም ቀን ነው፤ በየ3 ሰዓቱ ካልታለበ ጡቱ ይወጠራል፣ ወተቱም ይቀንሳል።

ባትሪውና ድምፁ ቅር አያሰኙም። አብሮ የመጣው ቦርሳ ጥሩ ነው፤ ጄል የተሞሉት ከረጢቶች በደንብ በረዶ ከሆኑ ወተቱ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ሌሊት መብራት ከጠፋ ግን ጄሉ አይበርድም፤ ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ከረጢት ሁልጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ይኑር። ያለ በረዶ በክፍል ሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ አታቆዩት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን። ጠርሙሱ ላይ ቀንና ሰዓቱን ስትጽፉ ሞግዚቷ እንዳትሳሳት በሀገራችን አቆጣጠር ይሁን። ክሬሙ ከላይ ቢንሳፈፍ አልተበላሸም፣ ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ነው። የሚሞቀው ጠርሙሱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ እንጂ እሳት ላይ ወይም ማይክሮዌቭ ውስጥ አይደለም።

ከሻጮች ጋር የማልስማማበት ሌላም አለ። «ፈነሉ ለሁሉም ይሆናል» ይላሉ። ወንድሜ፣ አይሆንም። ካርቶኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው 24 ሚሊሜትር ነው። የጡት ጫፍ ስፋት በማስመሪያ ተለክቶ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲጨመርበት 18 ወይም 21 የሚመጣላት ብዙ እናት ናት። ሰፊ ፈነል ጫፉን ከነዙሪያው ይስባል፤ ያማል፣ ወተቱም በደንብ አይወጣም።

ማሽኑን በመግዛቴ አልቆጭም። የምቆጨው መለዋወጫዋ የት እንደምትገኝ ሳልጠይቅ በመግዛቴ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ካርቶኑን አስከፍቱ፣ ቫልቯን አውጥታችሁ ለሻጩ አሳዩትና «ይህችን ለብቻዋ 4 ስጠኝ» በሉት። ካለው አብራችሁ ውሰዱ። ከሌለው ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢሞገስ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።