ማጂክ አሬና እንደ ዴክ መሞከሪያ፦ የት ይረዳል፣ የት ያሳስታል

የሌላ ሰው ዴክ (ለጨዋታ የተዘጋጀ የካርድ ጥቅል) ገልብጦ ለመጫወት ማጂክ አሬናን፣ የ«ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» ካርድ ጨዋታን የኮምፒውተርና የስልክ ስሪት፣ የሚያህል የለም። ካርዱን ራሱ ይበውዛል፣ ደንቡን ራሱ ያስከብራል፣ ተጋጣሚ ፈልጎ ያቀርባል። ማንም ያልሞከረውን ሐሳብ ከባዶ ተነሥቶ ለሚገነባና ለሚያርም ሰውስ ይሆናል ወይ? ይሆናል፤ ሙከራው ሌላ ቦታ ተጀምሮ እዚህ የሚያልቅ ከሆነ። አሬና ስሕተትን በውድ ያስከፍላል። ባለ አንድ ጨዋታ ግጥሚያው ደግሞ ስለ ላንድ (ማናን፣ ማለትም የካርድ መክፈያውን የሚያመነጭ ካርድ) ቁጥራችሁ የሚሰጣችሁ መልስ የተዛባ ነው።

በአንድ ዴክ እንየው። «ኤክስኲዚት ብለድ» ባለ 5 ማና ጥቁር (ከጨዋታው ቀለሞች አንዱ) ኢንቻንትመንት፣ ማለትም ሜዳ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ አስማት ነው፤ ተጋጣሚ ሕይወት ባጣ ቁጥር ያንኑ ያህል ለእናንተ ይጨምራል። «ቪቶ፣ ቶርን ኦፍ ዘ ደስክ ሮዝ» ባለ 3 ማና ክሪቸር (የሚያጠቃና የሚከላከል ፍጡር) ነው፤ እናንተ ሕይወት ባገኛችሁ ቁጥር ተጋጣሚ ያንኑ ያህል ያጣል። ሁለቱ ሜዳ ላይ ከተገናኙ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ተጋጣሚው ሕይወቱ እስኪያልቅ ድረስ ይዞራል። ሐሳቡ ያምራል። 4 ከዚህ፣ 4 ከዚያ አስገብቶ የቀረውን በመከላከያ መሙላት የማይፈልግ ዴክ ሠሪ የለም።

ሒሳቡ ግን ያስደነግጣል። በ60 ካርድ ዴክ ውስጥ 4 ቅጂ ያለው ካርድ በመጀመሪያው 7 ካርድ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ 40 በመቶ ያህል ነው። ቀድማችሁ የምትጀምሩ ከሆነ አምስተኛ ተራ ላይ ስትደርሱ 11 ካርድ አይታችኋል፤ ያኔ አንዱን የማግኘት ዕድል 56.5 በመቶ ይሆናል። ሁለቱንም የማግኘት ዕድል 30.7 በመቶ ብቻ ነው። ከ10 ጨዋታ በ7ቱ ዴኩ የተሠራበትን ነገር በሰዓቱ አያደርግም ማለት ነው። ብዙ የሙከራ ዴክ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ ሠሪው ግን «ዕድል አልቀናኝም» ብሎ ያልፈዋል።

መድኃኒቱ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሌላ ካርድ መፈለግ ነው፤ በዚህ ደግሞ የአሬና ዴክ መሥሪያ ገጽ ምስጋና ይገባዋል። ፍለጋው የካርዱን ስም ብቻ ሳይሆን በካርዱ ላይ የተጻፈውን ደንብም ስለሚያይ፣ ሕይወት ስለማግኘት የሚናገረውን ሐረግ ከነቃሉ ጽፎ ጥቁርን መምረጥ ይበቃል። የሌሏችሁን ካርዶች የሚያሳየውን ማጣሪያ ማብራት አትርሱ፤ አለዚያ የምታዩት የራሳችሁን ስብስብ ብቻ ነው። «ማሮዲንግ ብላይት ፕሪስት» የሚገኘው እንዲህ ነው። እሱም 3 ማና ነው፤ ሕይወት ባገኛችሁ ቁጥር ተጋጣሚ 1 ያጣል። ከኤክስኲዚት ብለድ ጋር ሲሆን ዙሩን ለመዝጋት 1 ይበቃል። የቪቶ ሥራ አሁን 8 ቅጂ ስላለው፣ አምስተኛ ተራ ላይ ሁለቱንም ወገን የማግኘት ዕድል ከ30.7 ወደ 45.5 በመቶ ይወጣል። ቪቶ ሬር (ብርቅ) ሲሆን ይሄኛው ኮመን (ተራ) ነው። በዚያ ላይ ቪቶ ሌጀንዳሪ በመሆኑ ሁለተኛው ቅጂ ሜዳ ላይ አብሮት መቆም አይችልም፤ እጅ ላይ ተቀምጦ የሚቀር ቪቶ እየበዛ ከመጣ ከ4 ወደ 3 ማውረድ አያሳዝንም።

ሁለቱ ሜዳ ላይ ሆነውም ዙሩ በራሱ አይነሣም። የማገዶው ክምር አለ፣ ክብሪቱ የለም። ወይ 1 ሕይወት የሚሰጥ ርካሽ ካርድ፣ ወይ ሳይታገድ የሚያልፍ አንድ ጥቃት ያስፈልጋል። ዴኩ ወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ጉድለት አይታይም። ለብቻ ተቀምጦ 20 ጊዜ እጅ እያወጡ እስከ ስድስተኛ ተራ መጫወት ግን ወዲያው ያጋልጠዋል። በአጨዋወት ቅደም ተከተልም ተመሳሳይ ነገር አለ። ቪቶን ሦስተኛ ተራ ላይ ብቻውን ማውረድ ለተጋጣሚ የማስወገጃ ካርድ ማቅረብ ነው። ኢንቻንትመንት ማስወገጃ ከክሪቸር ማስወገጃ ይልቅ በብዙ ዴክ ውስጥ ጥቂት ስለሆነ፣ ኤክስኲዚት ብለድን አምስተኛ ተራ ላይ አስቀድሞ፣ ስድስተኛ ተራ ላይ ባለ 3ቱን ክሪቸር አውርዶ፣ በቀረው 3 ማና ክብሪቱን መለኮስ ይሻላል። እንዲህ ሲሆን ተጋጣሚው ለክሪቸሩ መልስ ለመስጠት የሚያገኘው ያንኑ ተራ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ክፍያው። አሬና ላይ የሌላችሁን ካርድ የምትሠሩት በዋይልድካርድ (በዚያው የብርቅነት ደረጃ ወዳለ ወደ ፈለጋችሁት ካርድ በሚለወጥ ምትክ) ነው፤ ለኮመን ኮመን፣ ለሬር ሬር፣ ከሁሉ ብርቅ ለሆነው ሚቲክ ሚቲክ። የማትፈልጉትን ካርድ አፍርሶ ዋይልድካርድ ማድረግ አይቻልም። የምርቱ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ሳናለሳልስ መናገር ይገባል። አንድ ሐሳብ ለመሞከር 8 ሬር ዋይልድካርድ አውጥታችሁ ሐሳቡ በ10 ጨዋታ ውስጥ ከከሸፈ፣ 8ቱ አይመለሱም። ካርድ ሲታገድ በምትኩ ዋይልድካርድ ይሰጣል፤ የእናንተ ሐሳብ ሲወድቅ የሚሰጥ የለም። በጣም የሚጎዳው ደግሞ ዋናው ካርድ ሳይሆን ላንዱ ነው። ጥሩ ባለ ሁለት ቀለም ላንዶች በአብዛኛው ሬር ናቸው፤ አንድ ባለ ሦስት ቀለም ዴክ በላንድ ብቻ ከ12 በላይ ሬር ዋይልድካርድ ሊበላ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ስሪት በአንድ ቀለም ሥሩት። መሠረታዊ ላንዶች ያለ ገደብ ነጻ ናቸው። ከላይ ያለው ጥቁር ዴክ በ24 ስዋምፕ (መሠረታዊው ጥቁር ላንድ) ይጀምር፤ የቀሩት 36 ቦታዎች 9 ዓይነት ካርድ በ4፣ 4 ቅጂ ይያዙ። ለማየት የምትፈልጉትን ካርድ ቶሎ ቶሎ የሚያሳይ ቅርጽ ነው፤ 2 እና 1 ቅጂ ኋላ ስታርሙ የሚመጣ ነገር ነው። ሁለተኛ ቀለም ካስፈለገ የቀለም ምንጮችን (የዚያን ቀለም ማና የሚሰጡ ላንዶችን) ቁጠሩ። ባለ 1 ማናውን አረንጓዴ ክሪቸር «ላኖዋር ኤልቭስ»ን በመጀመሪያው ተራ ማውረድ የሚፈልግ ዴክ 9 አረንጓዴ ምንጭ ካለው፣ በመክፈቻ እጁ ቢያንስ አንዱን የሚያገኘው 70 በመቶ ጊዜ ነው፤ 14 ካለው 86 በመቶ። «9 ላንድ ለአንድ ባለ 1 ማና ካርድ ይበቃል» የሚለው ግምት የሚወድቀው እዚህ ነው።

ስለ ላንድ ካነሣን፣ አሬና በጣም የሚያሳስተው በዚህ ነው። ባለ አንድ ጨዋታ ግጥሚያ ላይ ስርዓቱ የመክፈቻ እጅ የሚሰጣችሁ እንዲሁ በውዞ አይደለም። ከአንድ በላይ እጅ በስውር ያወጣና የላንዱ መጠን ለዴካችሁ አማካይ የቀረበውን ወደ መምረጥ ያደላል። ለተጫዋች ደስ ይላል፤ ለሞካሪ መርዝ ነው። 17 ላንድ ያለው ፈጣን ዴክ በትክክለኛ ውዝ 0 ወይም 1 ላንድ ይዞ የሚጀምረው 35 በመቶ ጊዜ ነው። 20 ላንድ ያለው 25 በመቶ፣ 24 ላንድ ያለው 14 በመቶ። በባለ አንድ ጨዋታ ይህ ቅጣት በእጅጉ ስለሚቀንስ 17 ላንድ «ሠራ» ይባላል። ያው ዴክ ከሦስት ሁለት ያሸነፈ በሚያልፍበት ግጥሚያ ወይም በወረቀት ሲቀርብ ግን ማስተካከያው የለም፤ ከሦስት እጅ አንዱ ሙሊጋን (እጅን መልሶ እንደገና ማውጣት) ይሆናል። የላንድ ቁጥር የሚፈተነው በባለ ሦስት ጨዋታ ግጥሚያ ብቻ ነው። በባለ አንድ ጨዋታ ብቻ ለመጫወት ለተሠራ ዴክ ላንድ መቀነስ ይቻላል፤ ውጤቱን ወደ ሌላ ቦታ ይዞ መሄድ ግን አይቻልም።

ሌላው ወጥመድ የጨዋታ ቁጥር ነው። አሬና ጨዋታ ቶሎ ስለሚያቀርብ 20 ጨዋታ ብዙ ይመስላል። ከ20 በ12ቱ ያሸነፈ ዴክ እውነተኛ የማሸነፍ መጠኑ ከ39 እስከ 78 በመቶ በየትም ቦታ ሊሆን ይችላል። ከ100 በ60ዎቹ ሲያሸንፍ እንኳ የታችኛው ጫፍ ገና 50 ላይ ነው። ስለዚህ በ20 ጨዋታ ውስጥ የሚለካው ማሸነፍ መሸነፉ አይደለም፤ ካርዱ የሠራው ሥራ ነው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ቀድማችሁ ጀመራችሁ ወይስ ተከተላችሁ፣ በስንተኛው ተራ ጨዋታው ተወሰነ፣ እጃችሁ ላይ ሳይወርድ የቀረው ካርድ የቱ ነው። አንድ ካርድ በሦስተኛው ዝርዝር ውስጥ ከ20 በ6 ጊዜ ከታየ 2 ቅጂ አውጡለት። በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ካርድ ብቻ ለውጡ፤ 10 ካርድ የለወጠ ሰው አዲስ ዴክ ነው የሠራው፣ የቀድሞው ማስታወሻም አያገለግለውም። ከመለወጥ በፊት ዴኩን በጽሑፍ ወደ ውጭ አውጥታችሁ ከነቀኑ አስቀምጡት፤ አሬና ዴክን በጽሑፍ የማስገባትና የማውጣት አገልግሎቱ ንጹሕ ነው፤ አንድ ጠቅታ ነው።

መዝገቡን ለፕሮግራም መተው የፈለገ በኮምፒውተር ላይ በቅንብሩ ውስጥ ዝርዝር ሎግ የሚለውን ማብራት አለበት፤ ካልበራ የውጤት መከታተያ ፕሮግራሞች የሚያነቡት ነገር የላቸውም።

ዙር ላይ ለተመሠረተ ዴክ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በወረቀት ጨዋታ ላይ «ይህን 1000 ጊዜ ደገምኩት» ብሎ ማሳጠር ይፈቀዳል። አሬና ላይ እያንዳንዱ ድግግሞሽ በእጅ መጫን አለበት፤ ሰዓቱም ይሮጣል። የቪቶ ዙር በራሱ ስለሚቀሰቀስና ተጋጣሚው ሲሞት ስለሚያበቃ ችግር የለበትም። በእያንዳንዱ ዙር 4 ወይም 5 ምርጫ የሚጠይቅ ኮምቦ (አብረው ሲሠሩ የሚያሸንፉ ካርዶች) ግን ያሸነፈውን ጨዋታ በሰዓት ሊሸነፍ ይችላል። «ኔክሰስ ኦፍ ፌት» የተባለው ካርድ የካቲት 2019 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ላይ በአሬና ባለ አንድ ጨዋታ ስታንዳርድ (አዳዲስ የካርድ ስብስቦች ብቻ የሚፈቀዱበት የጨዋታ ዓይነት) የታገደው፣ ማሸነፊያ የሌለው ማለቂያ የለሽ ዙር ተጋጣሚን አስሮ ስለሚያስቀምጥ ነበር። ማና በራሱ የሚከፍለው መሣሪያም አይታመን። ባለ ሁለት ቀለም ዴክ ሲሆን ለሚቀጥለው ካርድ የሚያስፈልጋችሁን ቀለም ሊከፍልባችሁ ይችላል፤ ቁልፍ በሆነ ተራ ላይ ላንዱን ራሳችሁ ጫኑ። ለተጋጣሚ መልስ መስጠት ስትፈልጉ ደግሞ የሙሉ ቁጥጥር ሁነታን በኮንትሮል ቁልፍ አብሩት፤ አለዚያ ጨዋታው ዕድሉን ሳትጠቀሙበት ያልፋችኋል።

ታዲያ ዋይልድካርድ ከማውጣት በፊት የት ይሞከር? ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። «ኮካትሪስ» ማንኛውንም ካርድ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ደንብ ግን አያስከብርም፤ ሁሉን በእጅ ታንቀሳቅሳላችሁ። ለብቻ እጅ እያወጡ ለማየትና ደንቡን ከሚያውቅ ጓደኛ ጋር ለመሞከር ይበልጣል። «ፎርጅ» ደንቡን ያስከብራል፤ ከኮምፒውተር ጋርም ያጋጥማል፤ ሁለት ዴኮችን ያለ ሰው እርስ በርስ አጋጥሞ ውጤት የማውጣት ሁነታም አለው። የፎርጅ ኮምፒውተር ክሪቸር አውርዶ የሚያጠቃ ዴክ ደህና ይጫወታል፤ ኮምቦ ዴክ ግን አይገባውም። ስለዚህ የራሳችሁን ኮምቦ ለእሱ አትስጡት፤ እሱን በፈጣን ዴክ ተጋጣሚ አድርጉትና አምስተኛ ተራ ድረስ በሕይወት መቆየታችሁን ለኩ። የአሬናዋ የኮምፒውተር ተጋጣሚ ስፓርኪ ለዚህ አትበቃም፤ የሁለት ካርድ ግንኙነት በደንቡ መሠረት መሥራቱን ለማረጋገጥ ብቻ ታገለግላለች።

ይህን ያለፈ ዴክ አሬና ላይ ሲደርስ በርካሹ ይሠራ፦ መጀመሪያ ኮመንና አንኮመኑ (በኮመንና በሬር መካከል ያለው)፣ ከዚያ ያለ እሱ ሐሳቡ የማይኖረው ሬር፣ ላንዱ መጨረሻ። የሳይድቦርዱ (በአንድ ግጥሚያ ጨዋታዎች መካከል ወደ ዴኩ የሚቀየሩ ካርዶች) 15 ቦታ ከሬር ዋይልድካርድ ምንም ሳይወስድ እስከ 30 የባለ ሦስት ጨዋታ ግጥሚያ ድረስ ይቆይ። ያሸነፏችሁን ዴኮች በስም ጻፉ፤ 15ቱን የሚሞላው ያ ዝርዝር ነው። ለቪቶ ዴክ ቀድሞ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የተጋጣሚን እጅ አይቶ ማስወገጃውን የሚያስጥል ባለ 1 ማና ጥቁር ካርድ ነው፤ 4 ቅጂ፣ ስድስተኛው ተራ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት።