ከዱባይ ጓንዡ «በ9 ሰዓት» ተብሎ የሚሸጠውን ትኬት ሳትመረምሩ አትግዙ

ለዕቃ ግዢ ከዱባይ ወደ ጓንዡ የምትመላለሱ ወገኖች ሆይ፣ ባለፈው ወር የደረሰብኝ በእናንተም ላይ እንዳይደርስ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ። «መሄጃው 9 ሰዓት፣ መመለሻው ከ5 ሰዓት ያነሰ» የሚል ማስታወቂያ ከለጠፈ አንድ የጉዞ ወኪል ዘንድ፣ ከቀጥታው በረራ በ450 ድርሃም የረከሰ ትኬት ገዛሁ። ሁለቱም ቁጥሮች አሳሳች ነበሩ።

ከዱባይ ጓንዡ በአየር 5,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቀጥታ በረራው 7 ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። የእኔ ትኬት ግን በባንኮክ በኩል ነበር። ከዱባይ ባንኮክ 4,900፣ ከባንኮክ ጓንዡ ደግሞ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ዙሩ በአየር ላይ የሚጨምረው 800 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ያለው ምድር ላይ ነው። ወኪሉ የ6 ሰዓቱንና የ3 ሰዓቱን በረራ ደምሮ «9» ሲል፣ በመካከል ያለውን የ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ቆይታ ከቁጥር አላስገባውም፤ ከሁሉ የከፋው ግን ባንኮክ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች እንዳሏት አለመንገሩ ነው። ያረፍሁት ሱቫርናቡሚ ሲሆን ቀጣዩ በረራ የሚነሣው ከዶን ሙአንግ ነበር፤ በመካከላቸው ያለው የመኪና መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ትኬቶቹ ሁለት የተለያዩ በመሆናቸው ሻንጣዬም እስከ ጓንዡ አልተላከም። ዱባይ ላይ በእጀታው የታሰረውን ወረቀት ልብ ብዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ፣ በትልቁ የታተሙት ሦስት ፊደላት የባንኮክ መለያ መሆናቸውን እረዳ ነበር። ኢሚግሬሽን አልፌ፣ ሻንጣዬን ጠብቄ፣ በታክሲ ዶን ሙአንግ ስደርስ መመዝገቢያው ከተዘጋ 20 ደቂቃ ሆኖታል። በረራዎቹ በአንድ ትኬት የተያያዙ ቢሆኑ፣ በመጀመሪያው በረራ መዘግየት ሁለተኛው ያመለጠውን መንገደኛ ወደሚቀጥለው ማዛወር የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው፤ በተለያዩ ትኬቶች ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ስለ መጀመሪያው አያገባውም። አንድ ሌሊት ሆቴል አድሬ በ780 ድርሃም ሌላ ትኬት ገዛሁ፤ ዕቃ ሊያሳየኝ የቀጠረኝ የቦርሳ ጅምላ ሻጭም ቀጠሮውን ለሌላ ሰጥቶ ጠበቀኝ።

መመለሻው ቀጥታ በረራ ነበር፤ ከጓንዡ ከሌሊቱ 6:15 ተነሥቶ ዱባይ ከሌሊቱ 10:50 ይገባል። በወረቀት ላይ 4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይመስላል። ሆኖም በትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ስለሆነና ቻይና ዱባይን በ4 ሰዓት ስለምትቀድም፣ እውነተኛው በረራ 8 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው፤ ወደ ምዕራብ ሲበሩ ነፋሱ ከፊት ስለሚመጣ ከመሄጃውም ይረዝማል። እግረ መንገዴን ሌላም ላስታውስ፦ በውጭው አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ በ12ኛው ቀን 00:15 ተብሎ ለተጻፈ በረራ ከቤት የሚወጣው በ11ኛው ቀን ማታ ነው። በልማዳችን ሌሊቱን ከዋለው ቀን ጋር ስለምንቆጥር፣ አንዲት እኅታችን አንድ ቀን ሙሉ ዘግይታ መጥታ መግቢያው ላይ ስታለቅስ አይቻለሁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ የቦታ ማስያዣ ቁጥሩ አንድ መሆኑን፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለውን ጠቅላላ ሰዓት፣ የምታርፉበትንና የምትነሡበትን ማረፊያ ስም፣ ሻንጣው እስከ የት እንደሚላክ ወኪሉ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ለመስጠት ካመነታ አትክፈሉት። እኔ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ሦስት ጊዜ ጽፌለት እስከ ዛሬ ምላሽ አልሰጠኝም።