ሸራተን ወይስ ሒልተን? ወላጆችን ለጾም ምሳ ለመጋበዝ

አዲስ አበባ መሃል ላይ ወላጆችን ከፍ ባለ ሆቴል ምሳ ለመጋበዝ ሲታሰብ ምርጫው ብዙውን ጊዜ ከሸራተን አዲስ እና ከሒልተን አዲስ አበባ አያልፍም። ሁለቱ ሆቴሎች ተቀራራቢ ስለሆኑ መንገዱ ለውሳኔ አያስቸግርም። በሁለቱም ቤት ተመግቤ እንደማውቀው፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ግብዣ ምርጫዬ ሒልተን ነው።

ሸራተን እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተ ሲሆን፣ ግርማው ገና ከበሩ ጀምሮ የሚታይ ነው። ማታ ማታ ከሙዚቃ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው የውሃ ፏፏቴ እንግዳን ያስደስታል፤ የውጭ አገር ምግብ ለሚሻም ሰፊ ምርጫ አለው። ከባሕር ማዶ ለመጣ እንግዳ ወይም ለማታ ራት ከሆነ ያለማመንታት ወደዚያው እልካለሁ።

አረጋውያን ግን ቀን ላይ ተረጋግተው፣ ዛፍና አበባ እያዩ መጨዋወት ይወዳሉ። ሒልተን እ.ኤ.አ. በ1969 ከተከፈተ ጀምሮ ያቆየው ሰፊ ግቢ ለዚህ የተመቸ ነው። የመዋኛ ገንዳው ቅርፅ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ የሚያስታውስ መስቀል ሲሆን፣ የሚሞላውም ከመሬት በሚፈልቅ ፍል ውሃ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ወርደው ቤት እንዲሠራላቸው ያደረጋቸው ይኸው የአካባቢው ፍል ውሃ መሆኑን አባቴ ምሳው እስኪቀርብ ድረስ ሲተርክልን፣ የከተማዋን አመሠራረት በተመሠረተችበት ሰፈር ተቀምጦ መስማት እንዴት ደስ እንደሚል ተረዳሁ።

የሄድነው ረቡዕ ቀን ስለነበር የምንበላው የጾም ነበር። ስሙን በማልጠቅሰው ሌላ ትልቅ ሆቴል የጾም ተብሎ በቀረበልን ጎመን ላይ የቅቤ ሽታ አግኝተን ሳንበላ ተመልሰን ስለነበር፣ እናቴ አስተናጋጁን ጠርታ «ልጄ፣ ሽሮው ቅቤ አልነካውም?» አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ «አልነካውም እናቴ፤ የጾሙ ድስት ለብቻው ነው፤ ግን ወጥ ቤት ጠይቄ ልምጣ» አላት፤ ጠይቆም ተመለሰ። ምግብ ቤትን የምመዝነው ከሁሉ በላይ በዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ነው። ሽሮው እየተንተከተከ መጣ፤ ነጭ ሽንኩርቱ በልክ ነበር፤ እንጀራውም ለስላሳና ዓይኑ የበዛ፣ እርሾው ያልጎመዘዘ ነበር። ምስር ወጡ ግን በርበሬው ትንሽ ለዘብ ያለ በመሆኑ ቃሪያ አስጨምረናል፤ ይህ እንደየሰው አፍ የሚለያይ ነው።

ዋጋው ቀላል አይደለም፤ በየትኛውም ትልቅ ሆቴል በምግብ ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ቁጥር 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያውን ያካተተ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በተለይ አምስትና ስድስት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም።

በጾም ቀን የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ደውላችሁ የጾም ምግቡን ዓይነት አረጋግጡ፤ ቦታ ስታስይዙም ወደ አትክልቱ ፊቱን ያዞረ፣ ደረጃ የሌለበት ጠረጴዛ ጠይቁ። ቡናውንም እዚያው ብትጠጡ ይሻላል፤ ወላጆቻችን ከምሳ በኋላ ወዲያው መነሣት አይወዱም።