ከሁዳዴ መጨረሻ ጀምሮ የሚሸጠው «የውሻ ፀጉር ቫይታሚን»፦ ሳትገዙ አንብቡት

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳና በዙሪያው ውሻ ያላችሁ ሁሉ፣ በገበያ ቀን በትናንሽ ፌስታል እየተቋጠረ ለሚሸጠው ነጣ ያለ ዱቄት ገንዘብ አታውጡ። «የፀጉር ቫይታሚን ነው፣ በሳምንት ያበቅላል» ይባልለታል። ምን እንዳለበት የሚናገር ወረቀት የለውም፤ የተመረተበት ቀን የለውም፤ ስንት ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ስንት እንደሚሰጥ የሚል ነገርም የለውም።

«በሳምንት» የምትለዋ ቃል ብቻዋን ሻጩን ለማሰናበት ትበቃለች። የውሻ ቆዳ የላይኛው ሽፋን ራሱን ለማደስ 3 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። የምግብ ለውጥ ፀጉር ላይ በዓይን የሚታየው ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ አሁን የምታዩት ፀጉር ያደገው ውሻው ቀደም ሲል በበላው ነውና። ይህን የሚያሳጥር ቫይታሚን የለም።

ታዲያ ዱቄቱን ገዝቶ «ሠራልኝ» የሚል ሰው ለምን ይበዛል? ቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ 8 ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን የጎደለው። በእነዚያ ቀናት ግቢ የሚጠብቀው ውሻ የሚደርሰው የሽሮ ትራፊ፣ የገብስ ቂጣና እጣቢ ነው። ፀጉር ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው፤ ውሻ በቀን ከሚያገኘው ፕሮቲን እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ለቆዳና ለፀጉር ይውላል። ሽሮ ፕሮቲን አያጣም፣ ግን ፀጉር አጥብቆ የሚፈልጋቸው ሰልፈር ያለባቸው አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) በጥራጥሬ ውስጥ አነስተኛ ናቸው። ስለዚህ ፋሲካ ሲቃረብ ፀጉሩ ይደርቃል፣ ይደበዝዛል፣ ጀርባው ላይ ፎረፎር ይታያል። ሻጩ የሚመጣው ያኔ ነው። ከዚያ ጾሙ ይፈታል፣ ሥጋና ቅባት ወደ ግቢው ይመለሳል፣ በሰኔ ውሻው ያብረቀርቃል። ምስጋናውን ዱቄቱ ይወስዳል።

ገንዘብ ማባከን ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እንዲህ ያለ ዱቄት የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ የአጥንት ዱቄት ወይም ለዶሮ መኖ የተዘጋጀ ማዕድን ሊሆን ይችላል። በእጃችሁ ካለ አንድ ማንኪያ ሳህን ላይ አድርጉና ሎሚ ጭመቁበት። ጭስስ ብሎ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ነው፣ ምናልባትም ኖራ። ኖራ ማለት ካልሲየም ነው፤ ሲበዛ ደግሞ ዚንክ ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። እህል ላይ የሚኖር ውሻ ድሮም የዚንክ እጥረት ያሰጋዋል፤ በገብስና በስንዴ ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፊታት የሚባል ንጥረ ነገር ዚንኩን አስሮ ይይዘዋልና። (የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ የሚሻለው በዚህ ነው፤ ቡኮው ፊታቱን ይቀንሰዋል።) እንግዲህ በቂጣ ላይ ኖራ ሲነሰነስ ሊታከም የነበረው ቆዳ ይብስበታል። የዚንክ እጥረት ምልክቱ በዓይንና በአፍ ዙሪያ፣ በክርንና በመዳፍ ሥር የሚወጣ ደረቅ ቅርፊት ነው። አረፋ ባያወጣም ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ኖራ አይደለም ማለት ብቻ ነው።

በዚያው ገንዘብ ምን ይገዛ? እንቁላልና ኑግ ዘይት። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በቀን አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከምግቡ ጋር የተደባለቀ ሁለት የሻይ ማንኪያ ኑግ ዘይት። ዘይቱን በግማሽ ማንኪያ ጀምሩና በሳምንት ውስጥ አድርሱት፤ በአንዴ ሲበዛ ያስቀምጠዋል። እንቁላሉ ይቀቀል፤ ጥሬው ነጩ ክፍል ባዮቲን የሚባለውን የቆዳ ቫይታሚን ያስራል። ከተገኘ 100 ግራም ያህል የተቀቀለ ሥጋ ወይም ሳንባ ጨምሩ። ጉበት በሳምንት ሁለቴ 50 ግራም ይበቃል፤ ዘወትር ከተሰጠ ቫይታሚን ኤ ይከማችና ይመርዛል። በጾም ወቅት እንቁላል መቀቀል የሚከብዳችሁ ለፍስክ አንድ አሮጌ ድስት ለዩ። ውሻ አይጾምም።

ዘይቱ ኑግ መሆኑን ግን አረጋግጡ። ቆዳን የሚያለሰልሰው ሊኖሌይክ አሲድ በኑግ ውስጥ 70 በመቶ ያህል ሲሆን በፓልም ውስጥ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ መለየቱ ቀላል ነው፤ ጠርሙሱን ሌሊት ውጭ አሳድሩት። ፓልም ረግቶ ያድራል፣ ኑግ ፈሳሽ እንደሆነ ይነጋል። ተጠብሶበት የጠቆረ ዘይት ለዚህ አይሆንም።

ትራፊ የምትሰጡ፣ ወጥ የነካውን ተዉት። ሽንኩርት ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፣ ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው። በፋሲካ ደግሞ የበጉን ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር ይቅር። አንዳንዴ በላያቸው የሚገኙት ውሃ የቋጠሩ እባጮች በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናሉ፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅ ይሄድና በሰው ጉበት ላይ ያንኑ እባጭ ያወጣል። ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀቅሉት፤ እባጭ ያለበትን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

ከከረጢት ተቀንሶ በኪሎ የሚሸጥ ደረቅ የውሻ ምግብም ያው ነው። ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ ቅባቱ አየር እያገኘ ይበላሻል፣ ቫይታሚን ኢውም አብሮ ይጠፋል። አሽትቱት፤ የቆየ ዘይት ከሸተተ አትግዙ። ስያሜ በሌለው ጠርሙስ «የዓሣ ዘይት» የሚባለውንም በዚያው መንገድ ፈትኑት።

አሁን ወደ ማሳከክ። የምግብ ጉድለት ፀጉርን ያደበዝዛል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ አያሳክክም። የጆሮውን ጠርዝ በሁለት ጣት ያዙና እሹት፤ የኋላ እግሩ አየር ላይ ማከክ ከጀመረ እከክን ጠርጥሩ። እከክ ወደ ሰው ስለሚጋባ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። የጭራው ሥርና ወገቡ ብቻ ከተመለጠ ቁንጫ ፈልጉ፣ በተለይ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ያላችሁ። ክብ ሆኖ የሚመለጥ ጭርት ሊሆን ይችላል። እነዚህን እንቁላልም ዱቄትም አያድናቸውም፤ የወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሊያየው ይችላል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባትማ ጨርሶ አይሞከር፤ ውሻው ይልሰዋል፣ በቆዳውም ይገባል።

ዱቄቱን ሰጥታችሁ ማሳከኩ በሁለት ቀን ውስጥ ድርግም ብሎ ከጠፋ አትደሰቱ። ቫይታሚን እንዲህ አይሠራም፤ እንዲህ ቶሎ የሚሠራው እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ዱቄቱ ውስጥ ተደባልቆ ሊሆን ይችላል። ውሻው ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ ሆዱ የሚንዘረጠጥ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከሰጣችሁት በአንድ ጊዜ ማቆምም አደጋ አለው። የተረፈውን ከነፌስታሉ ይዛችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ፤ በቀን በስንት ማንኪያ፣ ለስንት ቀን እንደሰጣችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።