የጂ. አይ. ቴይለር የትምህርት ፊልም፦ በዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ እንዴት ይዋኛል?

እንግሊዛዊው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ጂ. አይ. ቴይለር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ በ80 ዓመት ዕድሜያቸው አካባቢ፣ በዝቅተኛ የሬይኖልድስ ቁጥር ስለሚኖር ፍሰት (ማለትም የፈሳሹ ዝልግልግነት ከኢነርሺያ፣ እንቅስቃሴን ይዞ ከመቀጠል ዝንባሌ፣ እጅግ ስለሚበልጥበት ፍሰት) ያቀረቡት ፊልም የባክቴሪያን ዋና ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው ካየኋቸው መግቢያዎች ሁሉ ይበልጣል።

የፊልሙ ልብ ሙከራዎቹ ናቸው። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል በተሞላ ግሊሰሪን ውስጥ የገባው ቀለም ሲሊንደሩ ሲዞር ተበትኖ የጠፋ ይመስላል፤ ሲሊንደሩ በዚያው ልክ ወደኋላ ሲመለስ ግን ቀለሙ የቀድሞ ቅርጹን መልሶ ይይዛል። ይህ የሚሆነው ፍሰቱን የሚገዙት የስቶክስ እኩልታዎች የኢነርሺያን ድርሻ ስለማያካትቱ፣ እንቅስቃሴው ሲገለበጥ ፍሰቱም አብሮ ስለሚገለበጥ ነው። ጅራቱን ግራና ቀኝ የሚያወዛውዘው መካኒካዊ ዓሣ በውኃ ውስጥ እየዋኘ ሳለ በወፍራም ሽሮፕ ውስጥ ፈቀቅ ማለት የሚያቅተውም በዚሁ ምክንያት፣ የጅራቱ የመልስ ምት የመጀመሪያውን ስለሚሽረው ሲሆን፣ ጠመዝማዛ ጅራት የተገጠመለት ሞዴል ግን ጅራቱ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሽከረከር ወደፊት ይጓዛል። ይህን ንጽጽር ያየ ተማሪ ባክቴሪያ ለምን ጠመዝማዛ ጅራቱን እንደሚያሽከረክር አይጠፋውም።

ቅር ያሰኘኝ የመዋኘቱ ሒሳብ በዝርዝር አለመተንተኑ ነው። ቴይለር ራሳቸው በ1951 ባሳተሙት ጥናት፣ ትንንሽ ሞገዶችን የሚያስተላልፍ ስስ ገጽ የሚዋኝበት ፍጥነት ከሞገዱ ከፍታ ካሬ ጋር እንደሚመጣጠን አስልተዋል፤ ይህ ውብ ውጤት ጥቂት ደቂቃዎች ይገባው ነበር። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፊልሙን ካሳዩ በኋላ ስሌቱን በሰሌዳ ላይ እንዲሠሩት አጥብቄ እመክራለሁ።